የጌም ገጸ-ባህሪያት እንደኛ ሥራ ቢቀጠሩ ማን የት ይገባል? (በመልክ መመደብ ክልክል ነው)

ጆይስቲክ_በእጄ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ቤተሰብ። የጌም ገጸ-ባህሪያት ነገ ጠዋት ተነስተው፣ ታክሲ ተሰልፈው እንደኛ ሥራ ቢገቡ ማን ምን ይሠራል? ይሄን ነገር ከጓደኞቼ ጋር ባነሳነው ቁጥር አንድ ነገር ያናድደኛል። ሁሉም በመልክ ነው የሚመድበው። ጡንቻ ያለው ጥበቃ፣ መነጽር ያለው አካውንታንት፣ ኮፍያ ያደረገ ሹፌር። እንዲህማ ከሆነ ፖስተሩን ማየት ይበቃ ነበር፣ ጌሙን መጫወት ለምን አስፈለገ?

የኔ ሕግ አንድ ናት። ገጸ-ባህሪው ጌሙ ውስጥ በእጁ ምን ይሠራል? ጣታችን ጆይስቲኩ ላይ ሆኖ ስንት ሰዓት ሙሉ ምን እያሠራነው ነው? ሥራው ከዚያ ይውጣ።

ማሪዮን እንውሰድ። ሁሉም ሰው «ቧንቧ ሠራተኛ» ብሎ ይዘጋዋል። እስኪ ማሪዮ አንድ ቧንቧ ሲጠግን ያየ እጁን ያውጣ! ይገባበታል እንጂ አይጠግነውም። በ1981 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ዶንኪ ኮንግ ላይ መጀመሪያ ብቅ ሲል አናጢ ነበር፣ ስሙም ገና ማሪዮ አልተባለም፣ «ጃምፕማን» ነው የሚሉት። ቦታው ያላለቀ ሕንፃ ነው። ብረቱ ዘምሟል፣ መሰላሉ ተሰብሯል፣ ከላይ በርሜል እየተንከባለለ ይመጣል። ቧንቧ ሠራተኛ የተደረገው በ1983 ማሪዮ ብራዘርስ ሲወጣ ነው፣ ያኛው ጌም ኒውዮርክ የፍሳሽ መስመር ውስጥ ስለሆነ። መልኩማ ስለ ሥራው ምንም አይነግረንም። ሺጌሩ ሚያሞቶ ሪዙን የሰጠው በዚያች ጥቂት ነጥብ አፍ መሳል ስላስቸገረው ነው፣ ኮፍያውንም ፀጉር መሳል ስለከበደው።

እኔ ማሪዮን የምልከው ሳይት ነው። ባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ፣ አምስተኛ ፎቅ። እናንተስ?

ፎርማኑ

ሳይት ላይ ነው የምውለው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ልናገር። የሚዘል ሰው እኛ ጋ ውሎ አያድርም። ባሬላ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፣ አንዱ እርምጃው ከተዛባ ኮንክሪቱ ይደፋል፣ ከሥር ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ግን የ1981ዱን ማሪዮ ብቻ ከሆነ የምትልክልኝ እቀጥረዋለሁ። ለምን? እሱ ከቁመቱ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ከወደቀ ይሞታል። ጠርዝ ላይ ስትደርስ ጣትህ ራሱ ይፈራል። በ1985 ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ላይ ግን ያ ቀረ፣ ከፈለገው ከፍታ ቢወርድ ከሥር መሬት ካለ ምንም አይነካውም። እኔ ከፍታ የሚፈራውን ነው የምፈልገው። የሚፈራ ሠራተኛ ቀበቶውን ሳትነግረው ያስራል።

ሌላም አለ። ዶንኪ ኮንግ ላይ መዶሻውን ሲያነሳ መሰላል መውጣት አይችልም፣ መዝለልም አይችልም። መዶሻ በእጅህ ይዘህ መሰላል አትውጣ ብዬ በየቀኑ ነው የምጮኸው። ይሄ ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል። ጠዋት ይላኩልኝ።

ማሚቱ_ፒክስል

ሕጉ ደስ ብሎኛል። ሁለት አለኝ።

አንደኛ ዳልሲም፣ የስትሪት ፋይተር ሁለቱ፣ 1991፣ ያ ክንዱ እንደ ላስቲክ የሚረዝመው። የሚኒባስ ረዳት ይሁን። ሦስተኛው ወንበር ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ ሂሳብ ሊያቀብል ሲል የአራት ሰው እጅ ማለፍ አለበት፣ መልሱም በዚያው ይመለሳል፣ መሀል ላይ አንዱ «የኔ መልስስ?» ይላል። ዳልሲም በሩ ጋ ቆሞ ክንዱን ይዘረጋና በቃ። ጌሙን የተጫወተ ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል፤ ክንዱ ተዘርግቶ እያለ ክንዱ ራሱ ይመታል፣ ቶሎ ካልሰበሰበው አለቀለት። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የረዳት እጅ የት እንዳለ ያየ ሰው ይገባዋል። ታሪኩም ይሄዳል፣ ዳልሲም የሚደባደበው ለራሱ አይደለም፣ ለመንደሩ ሰው ገንዘብ ለማምጣት ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ልጅም ለሀገር ቤት ነው የሚልከው።

ሁለተኛ ኤዚዮ፣ አሳሲንስ ክሪድ ሁለት፣ 2009። ዲሽ ሠራተኛ። ሙግት የለውም። ፍሎረንስና ቬኒስ ውስጥ ግንብ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ካሜራው ዙሪያውን ይዞራል፣ ከዚያ የሰፈሩ ካርታ ይከፈታል። ዲሽ የሚያስተካክል ልጅም ቆርቆሮው ላይ ቁጢጥ ብሎ ሳህኑን በትንሽ በትንሹ ያዞራል፣ ከታች ያለችው እናት በመስኮት «መጣ! ኧረ ሄደ! መለስ አርገው!» ትላለች፣ በመጨረሻ ናይልሳት ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ እልል ሊል ምንም አይቀረው። ችግሩ አወራረዱ ነው፣ እሱ ከላይ ዘሎ የሚያርፈው ጭድ ክምር ላይ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ጭድ የለም።

ጊንጡ

ረዳትማ ስኮርፒዮን ነው እንጂ። ሞርታል ኮምባት፣ 1992። ገመዱን ወርውሮ ሰውዬውን ከመንገድ ማዶ ጎትቶ ያመጣዋል። ወንበር ባዶ አይሆንም።

ጆይስቲክ_በእጄ

@ጊንጡ ይሄ አይሄድም ወንድሜ። ስኮርፒዮን የሚጎትተው ሊመታው ነው። ረዳት ሰውየውን ወደ ውስጥ ካስገባው በኋላ አብሮት ነው የሚጓዘው፣ «ወራጅ አለ» እስኪባል ድረስ ይታገሠዋል። ዳልሲም ይሻላል፣ እሱ ትዕግሥቱን ከዮጋው አምጥቶታል።

@ማሚቱ_ፒክስል ኤዚዮን ዲሽ ላይ ያደረግሽበት ከሁሉም በለጠብኝ። እጁና ሥራው አንድ ሆነ።

ጋሽ_ታክሲ_ዲሲ

ልጆች፣ እኔ ጌም ተጫዋች አይደለሁም፣ ግን ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ነድቼ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፣ እነሱ ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብለው ሳን አንድሪያስ ሲጫወቱ ነው ያደጉት። ሲጄ የሚባለው ልጅ ታክሲ ሲገባና ሰው ሲያደርስ ከኋላቸው ቆሜ አይ ነበር። ሃምሳ ሰው ካደረሰ በኋላ መኪናው መዝለል ይጀምራል። ያኔ ልጄ ዞሮ «አባዬ የአንተም ይዘላል?» አለኝ።

እኔ ሲጄን ታክሲ ላይ አልቀጥረውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በታክሲ ሥራ ትልቁ ነገር መንዳት አይደለም፣ መጠበቅ ነው። ኤርፖርት ተራ ትይዛለህ፣ ሞተር ታጠፋለህ፣ ከፊትህ ስንት መኪና እንዳለ ትቆጥራለህ፣ ከወዳጆችህ ጋር የሀገር ቤት ፖለቲካ ታነሳለህ፣ ትጣላለህ፣ ትታረቃለህ፣ ተራህ ይደርሳል፣ የሚገባው ሰው ቅርብ ቦታ ነው የሚሄደው። ጌሙ ይሄን ሁሉ ቆርጦ ጥሎታል። ልጄ ሌላም ጌም ነበረው፣ ክሬዚ ታክሲ የሚባል፣ እዚያማ ከላይ ቀስት አለ፣ መንገዱን እያሳየ ይመራዋል። እኛ ጀማሪ እያለን ቀስት ቀርቶ ሜትርም አልነበረንም። ዲሲ ታክሲ ሜትር የገባለት በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ከተማው በዞን ተከፋፍሎ ስንት ዞን እንደተሻገርክ ነበር የሚከፈልህ። ድንበሩ የቱ መንገድ ላይ እንደሆነ በቃልህ ካልያዝክ ወይ አንተ ትከስራለህ ወይ ተሳፋሪው ይጮኽብሃል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። እጁን ካያችሁ አይቀር፣ እጁ ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግም እዩ። መጠበቅ የሚችል ገጸ-ባህሪ አላችሁ ወይ?

ዮኮሱካ

ጋሼ አለ! የጠየቁትን የሚያሟላ አንድ ሰው አውቃለሁ። ርዮ ሃዙኪ። ሸንሙ ይባላል ጌሙ፣ በ1999 ለድሪምካስት የወጣ፣ የሴጋው ዩ ሱዙኪ የሠራው። ቦታው ጃፓን ዮኮሱካ ነው፣ ጊዜው 1986 መጨረሻ። አባቱን የገደለውን ሰው ይፈልጋል። አሁን ሌላ ጌም ቢሆን በሁለተኛው ደቂቃ ሰይፍ ይመዛል። ርዮ ግን ወደብ ሄዶ ፎርክሊፍት ላይ ይቀጠራል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ይገባል፣ መጀመሪያ ሠራተኞቹ በፎርክሊፍት ይሽቀዳደማሉ፣ ከዚያ ሣጥን ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ያመላልሳል፣ የቀኑ ኮታ አለው፣ ምሳ ሰዓት ምሳ ነው፣ ማታ ደሞዙን ይቀበላል። በነጋታውም ይሄው። ሹካውን ከሣጥኑ ሥር ለማስገባት ወደኋላ ወደፊት የሚለው ነገር መጀመሪያ ያበሳጫል፣ በሦስተኛው ቀን ግን ጣትህ ይለምደውና ሥራ የለመድክ ሰው መሆን ትጀምራለህ። ደግሞ አንድ ሰው በማታ ሁለት ሰዓት ና ካለው፣ እስከዚያ ድረስ ከተማ ውስጥ መዞር ነው። ሰዓቱን ወደፊት የሚያስሮጥ ቁልፍ የለም። ብዙ ሰው ይሄን ጠልቶ ተወው። ለኔ የጌሙ ልብ እሱ ነው።

ጋሼ፣ ርዮን ኤርፖርት ተራ ላይ ያስቀምጡት፣ ጃኬቱን ለብሶ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ሌላም አለ፣ ካዙማ ኪርዩ። ያኩዛ አምስት ላይ፣ 2012፣ ያ በሙሉ ጃፓን የሚፈራው ሰውዬ ስሙን ቀይሮ ታክሲ ይነዳል። ፍሬቻ ማሳየት አለበት፣ ቀይ መብራት ላይ መቆም አለበት፣ ተሳፋሪው ሲያወራው በደንብ መመለስ አለበት። ተሳፋሪው ካልተደሰተ ሥራው ተበላሸ። እኔ እንደዚያ ዓይነት ውጥረት በድብድቡ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ጋሽ_ታክሲ_ዲሲ

@ዮኮሱካ ይሄን ልጅ ወድጄዋለሁ። የሁለተኛውንም ሰውዬ። ከተሳፋሪ ጋር ማውራት ሥራ መሆኑን የገባው ሰው ነው ያንን የሠራው። ጉርሻው እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ዩኒት_ሊደር_ፈሪ

እኔ ከዋናው ገጸ-ባህሪ ይልቅ ጠላቶቹን ልመድብ። ፓክማን፣ 1980፣ ቶሩ ኢዋታኒ። አራቱን መናፍስት ሃይስኩል ዩኒት ሊደር አድርጓቸው። ፓክማን ደግሞ ክፍለ ጊዜ የፎረፈ ተማሪ ነው፣ ግቢ ውስጥ አንዴም ሳይቆም የሚሮጥ።

ይሄን ያልኩት ስለሚያባርሩ ብቻ አይደለም። አራቱ የተለያየ ጸባይ ነው የተሰጣቸው። ብዙ ሰው ዝም ብለው የሚሮጡ ይመስለዋል። ቀዩ፣ ብሊንኪ፣ አንተ ያለህበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያየው፣ ከኋላህ ይከተልሃል። ፒንኪ ያለህበትን አይደለም፣ በምትሄድበት አቅጣጫ አራት እርምጃ ቀድሞህ ያለውን ቦታ ነው የሚይዘው። ኢንኪ ያንተንም የብሊንኪንም ቦታ አስልቶ በሌላ ወገን ይመጣል። ክላይድ ከሩቅ ሲያይህ ይመጣብሃል፣ ሲቀርብህ ግን ትቶ ወደ ጥጉ ይመለሳል።

የኛ ትምህርት ቤት አራቱም ነበሩ! አንዱ በኮሪደሩ ከኋላ ነው የሚመጣው፣ ስታየው ትሮጣለህ። አንደኛዋ ግን አትሮጥም፣ ወዴት እንደምትወጣ አውቃ ላይብረሪው ጥግ ቆማ ትጠብቅሃለች። እሷን ነበር የምንፈራው። አራተኛው ከሩቅ ይጮኻል፣ ከደረስክበት በኋላ «ሂድ ክፍልህ ግባ» ብሎ ያልፍሃል። ደግሞ መናፍስቱ ሁሌ አያሳድዱም፣ በየመሀሉ ተበትነው ወደየጥጋቸው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ያቺ ሰዓት ለኛ የሻይ እረፍት ነበረች፣ ፓስቲ ለመግዛት የምንወጣው ያኔ ነው።

ማሚቱ_ፒክስል

@ዩኒት_ሊደር_ፈሪ ፒንኪን አውቃታለሁ! በየትምህርት ቤቱ አለች!

የገበያ_ልጅ

ሊንክን፣ የዜልዳ ጌሞችን ጀግና፣ ማንም አላነሳም። እኔ ልንገራችሁ፣ ሊንክ ደላላ ነው።

አዎ ሰይፍ ይዟል። ግን በ1993 ጌምቦይ ላይ የወጣውን ሊንክስ አዌክኒንግ የተጫወታችሁ፣ ደሴቱ ላይ የሠራውን አስታውሱ። አሻንጉሊት ያገኛል፣ ለሕፃን ልጅ እናት ይሰጥና ሪባን ይቀበላል። ሪባኑን ለአንዲት ውሻ ነገር ይሰጥና የውሻ ምግብ ያገኛል። የውሻ ምግቡ ለአዞ፣ በሱ ሙዝ። ሙዙ ለጦጣ፣ ጦጣዎቹ ድልድይ ሠርተው ዱላ ጥለው ይሄዳሉ። በዱላው ማር፣ ማሩን ለድብ ሰጥቶ አናናስ፣ አናናሱን ተራራ ላይ ለራበው ሰው ሰጥቶ አበባ፣ በአበባው ደብዳቤ፣ በደብዳቤው መጥረጊያ፣ በመጥረጊያው መንጠቆ፣ በመንጠቆው የአንገት ጌጥ፣ እንዲህ እያለ መጨረሻው ላይ አጉሊ መነጽር ይደርሳል። ያለዚያ መነጽር ላይብረሪው ውስጥ ያለውን መጽሐፍ አታነብም፣ ያንን ካላነበብክ የመጨረሻው ቦታ መንገዱ ይጠፋሃል።

ይሄ መርካቶ ነው እኮ። ማን ምን እንደቸገረው፣ ማን ጋ ምን እንዳለ ማወቅ፣ ሁለቱ ሰዎች ግን አይተዋወቁም። ሊንክ መሀል ላይ ነው ያለው። ደግሞ አያወራም፣ ያዳምጣል። ጥሩ ደላላ ብዙ የሚያወራው ነው የሚል ሰው ደላላ አያውቅም።

እምነት የሚባለውንም ጌሙ አልረሳውም። ሱቁ ውስጥ ሰርቀህ ከወጣህ ባለሱቁ ስትመለስ ይገድልሃል፣ ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ የሚጠራህ «ሌባ» ብሎ ነው፣ እስከ ጌሙ መጨረሻ። ደላላ ስሙ አንዴ ከተበላሸ ሰፈር መቀየር ነው ያለው አማራጭ፣ ሊንክ ደግሞ ደሴት ላይ ነው ያለው፣ የት ይሄዳል።

ጆይስቲክ_በእጄ

@የገበያ_ልጅ ይሄ የክሩ ምርጥ መልስ ነው እስካሁን። ደላላ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን ሌላ ሥራ አልታይ አለኝ።

ሱቱን_ያጠበ

ሆቴል መስተንግዶ ላይ ነው የምሠራው። ኤጀንት 47ን፣ የሂትማን ጌሙን ልብስ እየቀያየረ የሚገባ ቅጥር ገዳይ፣ እንፈልገዋለን። ሠርግ ያለ ቀን ሦስት ሰው ይቀራል፣ አንዱ አሞኛል ይላል፣ አንዱ ስልኩን ያጠፋል። 47 የማንንም ዩኒፎርም ቢለብስ ሥራውን ይሠራል። በ2016ቱ ሂትማን ፓሪስ ላይ ሞዴል ሆኖ መድረክ ላይ ሄዷል፣ ባንኮክ ላይ ከበሮ መትቷል፣ በ2021ዱ ደግሞ እንግሊዝ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ መርማሪ ሆኖ ገዳዩን አግኝቷል።

ጌሙ በደንብ የያዘልኝ ነገር፣ ዩኒፎርሙ ሁሉንም ሰው አያታልልም። እንግዳው አያውቅህም። ጥበቃው አያውቅህም። አለቃው ግን ልጆቹን በመልክ ስለሚያውቅ እሱ ጋ ስትደርስ የመጠርጠር ምልክቱ መሙላት ይጀምራል። የኛም ቤት እንደዚያ ነው። ሼፉ ማን አዲስ እንደሆነ ትሪ አያያዝህን አይቶ ያውቃል።

ጠጠር_ለቃሚ

የአርኪኦሎጂ ተማሪ ነኝ፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልከልክል። ላራ ክሮፍትን ወደኛ እንዳትልኩ። ከ1996 ጀምሮ አርኪኦሎጂስት ነኝ ትላለች፣ እጇን ካየን ግን ይጎትታል፣ ያነሳል፣ ይሮጣል። ቁፋሮ ማለት አፈር በወንፊት መንፋት ነው፣ ከየት እንደወጣ መጻፍ ነው። ሉሲን በ1974 ሐዳር ላይ ሲያገኟት ከአጽሟ 40 በመቶ የሚሆነው የተሰበሰበው እያንዳንዷ ስባሪ ስለተለቀመች ነው። ላራ ብትሆን የክንዷን አጥንት ይዛ ሄሊኮፕተር ላይ ነበረች።

እኔ የምፈልገው የሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲኑን ሰውዬ ነው፣ 2018። ሥራው የኢንሹራንስ መርማሪ ነው፣ መርከብ ላይ ገብቶ 60 ሰው ምን እንደሆነ ደብተር ላይ ይመዘግባል። ሰይፍ የለውም፣ ደብተር ነው ያለው። እሱን ካምፓችን ድንኳን እንሰጠዋለን።

ሀያት_ከሪያድ

ኦብራ ዲንን ካነሳችሁ እኔ የሠሪውን ሌላ ጌም ላንሳ፣ ፔፐርስ ፕሊዝ፣ 2013፣ ሉካስ ፖፕ። ድንበር ላይ መስኮት ውስጥ የተቀመጠ ሠራተኛ ነህ። ፓስፖርትና ፈቃድ ይሰጡሃል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጣለህ፣ ቀኑን ታያለህ፣ ፎቶውን ታያለህ፣ ማህተም ትመታለህ። የሚከፈልህ ባስተናገድከው ሰው ልክ ነው። በቀን ሁለት ስህተት በማስጠንቀቂያ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ከደሞዝህ ይቆረጣል። ማታ ቤት ስትገባ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያ። ካልበቃህ የልጅህ ስም ጎን «ታሟል» የሚል ይመጣል።

እኔ ሁልጊዜ ከመስኮቱ ወዲህ ነው የቆምኩት። ወረቀት ይዤ፣ የሚያየውን ሰው ፊት እያየሁ፣ ዝም ሲል ልቤ እየመታ። አንድ ጊዜ አንዲት ፊደል ተሳስታ ከስንት ሰዓት ሰልፍ በኋላ መልሰውኛል። ይሄን ጌም ስጫወት መጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀመጥኩ። እና እኔም መለስኩ! አንዲት ሴት ባሏ ቀድሟት አልፏል፣ የሷ ፈቃድ ግን የለም። ካሳለፍኳት አንድ ስህተት ይቆጠርብኛል። አሳለፍኳት። ከሷ በኋላ የመጣውን ግን መለስኩት፣ የልጄ ማሞቂያ ነበር ያሳሰበኝ።

ስለዚህ ሥራ እንስጠው ካላችሁ ይሄን ሰው ባንክ ካውንተር ላይ አድርጉት። ቼክ ላይ ያለውን ፊርማ ከተያዘው ፊርማ ጋር ማመሳከር ለሱ ቀላል ነው። ደግሞ ደሞዙ በወር ይሁን፣ በሰው ቁጥር አይሁን። ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እናየዋለን።

ጋሽ_ታክሲ_ዲሲ

@ሀያት_ከሪያድ ልጄ፣ እግዜር ይጠብቅሽ። ያንን መስኮት እኛም እናውቀዋለን።

አንድ ልጨምር። ታናሹ ልጄ አሁን ስጠይቀው ሃፍ ላይፍ የሚባል አሳየኝ፣ የ1998። ጎርደን ፍሪማን፣ ከኤምአይቲ ዶክትሬት ያለው የፊዚክስ ሰው። የመጀመሪያ ሥራው ምን መሰላችሁ? ጋሪ መግፋት! ናሙናው ያለበትን ጋሪ ገፍቶ ማሽን ውስጥ ያስገባል። ልጄ ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም። ኤርፖርት ተራ ላይ ከጎኔ የሚቆሙ ስንት ኢንጂነር፣ ስንት የዩኒቨርሲቲ መምህር አሉ። ጎርደን ታክሲ ላይ ይምጣ፣ ተራችን ላይ ብዙ የሚያወራው ሰው ያገኛል። እሱ እንኳ አንድ ቃል አይናገርም አሉኝ፣ ግን እኛ ጋ የሚሰማ ሰው ነው የጠፋው።

ጣና_ዳር

ክራቶስስ? ሥጋ ቤት ልትሉ እንደሆነ አውቃለሁ፣ መጥረቢያ ስለያዘ። ቆዩ።

የ2018ቱን ጎድ ኦፍ ዋር ስትጀምሩ የመጀመሪያው ትዕይንት ድብድብ አይደለም። ሚስቱ ሞታለች፣ እሱ ለቀብሯ የሚቃጠለውን ዛፍ ይቆርጣል፣ በትከሻው ይሸከማል። ከዚያ ብዙ መንገድ ልጁን ይዞ ጀልባ ይቀዝፋል። ጀልባው ላይ ልጁ ተረት ንገረኝ ይለዋል። ክራቶስ የኤሊና የጥንቸልን ተረት እንደ ሪፖርት ነው የሚናገረው፣ አጭር፣ ያለ ምንም ጌጥ። ልጁንም አብዛኛውን ጊዜ በስሙ አይጠራውም፣ «አንተ ልጅ» ነው። እኔ ያደግኩት እንደዚህ ባለ አባት ነው። እጁ ሥራ ላይ ካልሆነ አያወራም፣ መቅዘፊያ ወይ ማጭድ ሲይዝ ግን አንድ ሁለት ቃል ይወጣዋል።

ስለዚህ ባህር ዳር ይምጣ፣ ታንኳ እንሰጠዋለን። እንጨት ጭኖ ከደሴት ወደ ከተማ ያመላልሳል። ልጁም ፊት ለፊት ቁጭ ይላል።

ጊንጡ

@ጣና_ዳር ሥጋ ቤት ልል ነበር። ተውኩት።

ኤል_ቅርጽ

ቴትሪስ ውስጥ ያሉት ቅርጾች አይሱዙ ላይ ጫኝና አውራጅ ይሁኑ። በ1984 ነው አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሠራው። ረጅሟ ስትመጣ የሚሰማህን ስሜት ጫኞቹ ክፍተት ሲሞሉ ያውቁታል።

ጆይስቲክ_በእጄ

@ኤል_ቅርጽ ቅርጾቹ ዕቃው ናቸው እንጂ ሠራተኛ አይደሉም። ሠራተኛው የምታዞራቸው አንተ ነህ። ራስህን ካስመዘገብክ ግን ተቀብያለሁ።

ሞተረኛው

አዲስ አበባ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። ሥራዬን በደንብ የያዘልኝ ጌም ዴዝ ስትራንዲንግ ነው፣ 2019፣ የኮጂማ። ሳም ፖርተር ዕቃ ተሸካሚ ነው። ጭነቱን ጀርባው ላይ አንተ ትደረድረዋለህ፣ ከባዱን ከላይ ካደረግክ በየእርምጃው ይንገዳገዳል፣ ሁለቱን ቁልፍ እየያዝክ ሚዛኑን ትጠብቃለህ። ከወደቅክ ዕቃው ይጎዳል። ዝናቡ ሲነካው ደግሞ ካርቶኑ ያረጃል። ክረምት ላይ ኬክ ያደረሰ ሰው ይሄን ጌም ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

እዚህ ቢመጣ የሚቸግረው አድራሻ ነው። እሱ ካርታ ላይ ምልክት አለው። የኔ ደንበኛ ግን «ከመስጊዱ አለፍ ብለህ፣ ድሮ ዳቦ ቤት የነበረበት፣ ሰማያዊ በር ጋ ደውልልኝ» ነው የምትለኝ። ዳቦ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፣ በሩም ተቀብቷል። ሳም የሚጠቅመኝ ሌላ ቦታ ነው። ጌሙ ላይ አንተ የተከልከውን መሰላልና ድልድይ ሌላ ተጫዋች ይጠቀምበታል፣ ሌሎች የተከሉትን አንተ ትጠቀማለህ፣ ሳትተዋወቁ። እኛ ሞተረኞች በቴሌግራም ግሩፕ የቱ መንገድ እንደተቆፈረ፣ የቱ ኮንዶሚኒየም ጥበቃ እንደማያስገባ እንነጋገራለን፣ ግማሾቻችን በአካል ተያይተን አናውቅም። ሳም ግሩፑ ውስጥ ይግባ፣ ነገ ሰሚት ያለውን ጭቃ እሱ አይቶ ይንገረን።